ባዜቃው የት ሄደ

ሰበታ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተድላ፣ ጎሬ

እንደምን ከርመሃል? የጎሬ ዝናብ ሰው ላይ ሻጋታ ያበቅላል ይባላል፤ አንተ ላይስ ምን አበቀለብህ? እኔም አሥራትም አማቴም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባታችንም ደህና ነው፤ በቀደም ከሱሉልታ ድርቆሽ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ፀጉሩ ውስጥ ሣር እንደተሰካበት አይቶኝ ሄዷል።

ለዚያ ሁሉ ደብዳቤህ ዛሬ ገና መልስ መጻፌ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በለኝ። ምክንያቱን ለመናገር እየጀመርኩ ወረቀቱን ስቀድ ነው የከረምኩት። እንግዲህ የሳይንስ አስተማሪ ነህና አትደነግጥም፤ ነፍሰ ጡር ነኝ። ጎረቤታችን ገለቴ ለመስቀል ሰሞን ትወልጃለሽ ትለኛለች። የዚህን መንደር ልጅ ሁሉ በእጇ የተቀበለች አዋላጅ ናትና አትሳሳትም። እናታችን ብትኖር ኖሮ ሱሉልታ ሄጄ እወልድ ነበር። አሁን ግን አማቴ እማማ ያለምወርቅ ከእጄ አትወጪም ብለዋል።

በባልሽ ቤት ምን ምን ንጥረ ነገር አለ ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰው እህቱን ባልሽ እንዴት ይዞሻል ብሎ ይጠይቃል እንጂ እንዲህ ይላል? ይሁን። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ጥዬ ባገባም አእምሮዬን አብሬ አልጣልኩትም። ባሌ አንጥረኛ ነው፤ ስለዚህ ብር አለ፣ መዳብ አለ፣ ወርቅም አለ። ከዚህ የተሻለ የሚመልስልህ ተማሪ ጎሬ ውስጥ ካለ ዳረው። አንድ ደግሞ አለ፤ እሱን ንጥረ ነገር ልበለው ሰይጣን ልበለው አላውቅም። ባዜቃ ነው።

አይተኸው ታውቃለህ? ብር መስሎ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ጣት ግን አያረጥብም። አሥራት የብር መስቀል በወርቅ ሲለብጥ መጀመሪያ ወርቁን ባዜቃ ውስጥ ይጨምረዋል። ባዜቃው ወርቁን ይበላውና ቅቤ የመሰለ ነጭ ነገር ይሆናል። ያንን መስቀሉ ላይ ቀብቶ ከሰል ላይ ያደርገዋል። ያኔ ባዜቃው ይጠፋና ወርቁ ብቻ ይቀራል። የት ሄደ ብትለው እሳት በላው ይልሃል። አባቱም እንደዚያ ይሉ ነበር አሉ።

ይህንን ያየሁት በበሩ ቁልፍ ቀዳዳ በስርቆት ነው። በሚለበጥበት ጊዜ በሩ ይዘጋል፤ የውጭ ሰው ዓይን ካረፈበት ወርቁ ይሸሻል ይላሉ። አባባ ገብረየስ፣ የአሥራት አባት፣ ያንን ክፍል ሲያሠሩ ሆን ብለው መስኮት አላወጡለትም፤ ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ አስደፍነዋል። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ሠርተው ባለፈው ኅዳር እዚያው ሞቱ። እኔ ስመጣ ሸምግለው ነበር የደረስኩባቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያ አፋቸው ጋ አይደርስላቸውም ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንደ ሕፃን ልጅ በር ኋላ ይደበቁ ነበር። «ከኋላዬ የቆመውን ሰው አስወጡልኝ» ይሉናል። ማንም አልቆመም ነበር።

ነፍሳቸውን ይማር። ደብዳቤዬን ኦቦ ነገሳ ወተት ይዞ አዲስ አበባ ሲሄድ ፖስታ ቤት ይጥልልኛል። አንተም ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ሮማነወርቅ


ጎሬ፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሮማነወርቅ

ሰላምታዬ ጭቃውን ተሻግሮ ይድረስሽ። አጎት ልሆን ነው! ደብዳቤሽን አስተማሪዎች ክፍል ቆሜ ሳነብ ጮክ ብዬ ስቄ ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ለምን ዘገየህ እንዳትዪኝ፤ እዚህ ሜዳው ሲረጥብ አውሮፕላኑ አያርፍም። ከላይ ዞሮ ይመለሳል። እኛ ከታች አንጋጠን ፖስታችን ሲያልፈን እናያለን።

ባዜቃን አይተኸው ታውቃለህ ላልሽው፣ በሥዕል ነው ያየሁት። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አንድ ቁም ሣጥን ነው፤ ቁልፉም ጠፍቷል። ስለዚህ ያንን የአለባበጡን ነገር የጻፍሽውን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሁለት ወር የለፋሁበት ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው። ደመወዝ ይገባሽ ነበር።

አንድ ነገር ግን ላርምሽ። ንጥረ ነገር ማለት ከፋፍለሽ ወደ ሌላ ነገር ልትለውጪው የማትችይው ነው። ውኃን መክፈል ይቻላል፤ ሁለት ዓይነት አየር ይወጣዋል። ወርቅን ግን ብትፈጪውም፣ ብታቀልጪውም፣ ብትውጪውም ወርቅ ነው። ባዜቃም እንደዚሁ ነው። ወርቁን አልበላውም፤ አቅፎት ነበር፤ እሳቱ ሲነካው ለቀቀው። እሳት በላው የሚለውንም አልቀበልም። እንጨት እንኳን ሲነድ አመድና ጢስ ሆኖ ይበተናል እንጂ ባዶ አይሆንም። ንጥረ ነገር አይጠፋም፤ ከቦታ ቦታ ይሄዳል እንጂ።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጥሽ። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮት የለም፣ ስንጥቁም ተደፍኗል። ታዲያ ባዜቃው የት ሄደ? ፈልጊና ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ ተማሪዎቼ እየጠበቁ ነው።

ስለ አባባ ገብረየስ የጻፍሽው አሳዘነኝ። ሰው ሲጃጅ እንደዚያ ይሆናል። ዕድሜያቸው ስንት ነበር?

ወንድምሽ ተድላ


ሰበታ፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተድላ

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ የልማድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕድሜያቸው ልመልስልህ። አማቴን ስጠይቃቸው «ሃምሳ ሊሞላው ነበር» አሉኝ። እኔ ሰማንያ ያለፋቸው ነበር የመሰሉኝ። ጥርስ አልነበራቸውም፤ ጀርባቸው ጎብጦ ነበር፤ ስማቸውን መፈረም አቅቷቸው ነበር። ሃምሳ ሊሞላቸው ነበር፣ ተድላ።

ሁለተኛውን ደግሞ ሠርቼዋለሁ። ባዜቃውን አገኘሁት።

አሥራት ሥራ ሊያስረክብ አዲስ አበባ ወርዶ፣ እማማ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳሉ ፋኖስ ይዤ ገባሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በርጩማ ላይ ወጥቼ የቆርቆሮውን ሆድ በመዳፌ ስጠርገው ግራጫ አቧራ መሰለኝ። አሸት ሳደርገው ትናንሽ ፍሬ ሆነና እጄ ላይ ተንከባለለ። ጤዛ ይመስላል፤ ግን ከባድ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አንዱን ስንጥቅ በመጥረጊያ እንጨት ስነካካው ከውስጥ አንድ ክብ ነገር ብቅ ብሎ አየኝ። አየኝ ያልኩት እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ መሐሉ ላይ ፋኖሱም እኔም ነበርን። ሌላ ስንጥቅ ነካሁ፤ እዚያም አለ። አባባ ይተኙበት በነበረው አልጋ መጋጠሚያ ውስጥ አለ። ይደገፉት በነበረው መቋሚያ ስንጥቅ ውስጥ አለ። ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን የገለጠብኝ መሰለኝና ፋኖሱን ጥዬ ወጣሁ።

ለካ እማማ ፍሬዎቹን ያውቋቸዋል። በርበሬ ሲቀነጥሱ ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው ሳይገርማቸው «የገብረየስ ዓይን ነው» አሉኝ። «ሥራውን ይጠብቃል። ለዚያ ነው የማልጠርገው።» ደብዳቤህን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ይወዳሉ። ንጥረ ነገር አይጠፋም የሚለው ላይ ስደርስ አስቁመውኝ ድገሚልኝ አሉ፤ ጸሎት ይመስላል አሉኝ።

ሌላም አለ። በዚያ ቀን ጣሪያውን የጠረግኩበት እጅ ላይ የጋብቻ ቀለበቴ ነበር። በማግሥቱ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ወርቅነቱ ጠፍቶ ቆርቆሮ መስሏል። እማማ ማዕድ ላይ አይተውት ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ። ቀለበት የነጣባት ሴት ባሏ አይቆይም ይባላል አሉ።

አሥራትን አንተ በሠርጌ ቀን ነው ያየኸው፤ ሰው ሁሉ በሱ ጨዋታ ሲስቅ ያመሸ። አሁን ደንበኛ ሲጠራው ፊቱ ቀልቶ ጓሮ ይገባል። ሽቦ ሲስብ እጁ ይርበተበታል። በሩ ስለጮኸ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትናንት ሥራ ላይ እንዳለ «ከኋላዬ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ።

ለመጨረሻ ያስቀመጥኩትን ልጻፈው። እማማ የአራስ ቤቴን ማሰናዳት ጀምረዋል። ያው ክፍል ነው። አራስንና ሕፃንን ንፋስ እንዳይመታቸው ከዚያ የተሻለ የለም ይላሉ። መሐሉ ላይ እሳት ይነዳል፤ እስከ ክርስትና ድረስ በሩ ተዘግቶ ይቆያል። እሳቸውም የወለዱት እዚያ ነው።

የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ። ማርኩን ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ፤ ፈርቻለሁ።

ሮማነወርቅ


ጎሬ፣ ሰኔ ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮማነወርቅ

እንደምን አለሽ? ይህንን የምጠይቅሽ እንደ ወትሮው አይደለም።

ደብዳቤሽን ለተማሪዎቼ አላነበብኩላቸውም። እዚህ ሐኪም ቤት ያለው ድሬሰር የቆየ ወፍራም መጽሐፍ አለው፤ እሱ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ያነበብነውን አሁን አልጽፍልሽም። ሳላረጋግጥ ላስደነግጥሽ አልፈልግም፤ ደግሞ ደብዳቤዬን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢ ነግረሽኛል።

ቀለበቱን አውልቀሽ ከቤት ውጪ አስቀምጪው፤ እሳት ላይ እንዳታደርጊው። ክፍሉ ውስጥ አትግቢ፣ አትጥረጊ፣ አትልቀሚ። አሥራት በሩን ከፍቶ እንዲሠራ ለምኝው። እምቢ ካለ ያመመሽ መስለሽ አልቅሺበት።

በተለየ ወረቀት ላይ አንዳንድ ጥያቄዎች ጽፌአለሁ። ለምን እንደጠየቅኩ ለጊዜው አትጠይቂኝ። ካነበብሽ በኋላ አቃጥዪው፤ መልሱን ብቻ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ተድላ


ሰበታ፣ ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ

በመጀመሪያ ስለ ቴሌግራምህ። ምን ነክቶህ ነው? ኦቦ ነገሳ በዝናብ እየሮጠ ይዞት ሲመጣ እማማ ገና ወረቀቱን በሩቅ አይተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እዚህ አገር ቴሌግራም የሚመጣው ለመርዶ ነው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ገለቴ «ዌይ! ዌይ!» እያለች ደረቷን ስትመታ መጣች። አንተ ሞተህ ተለቀሰልህ። አሥራት ለቀስተኛው ፊት ቆሞ እጁ እየተንቀጠቀጠ አነበበው፦ «እዚያ ክፍል አትውለጂ ደብዳቤ ይከተላል።» ከዚያ እማማ እንባቸውን ጠርገው «ስለ ቤቴ የጎሬ ሰው ምን ያውቃል?» አሉ። እስካሁን ድረስ በደህና አላናገሩኝም። የሚከተለው ደብዳቤህም አልተከተለም። ብስቅበት ደስ ባለኝ።

ጥያቄዎችህን እመልሳለሁ።

አዎ፣ የአባባ ጥርስ ሳይታመም ነው የወለቀው፤ አንድ በአንድ፣ ቆሎ ሲበሉ ሳይቀር። አዎ፣ ምራቃቸው ይፈስ ነበር። የአሥራትም ድድ መድማት ጀምሯል፤ ትራሱ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው። አዎ፣ የደብሩን ዘውድ ለብጦ እስኪያስረክብ በር አልከፍትም ብሏል። ያመመኝ መስዬ አልቅሼ ነበር፤ ኋላ ግን የእውነት አለቀስኩ።

አሥራት የት ተወለደ ብለሃል። ምን አገባህ ልልህ ነበር። ቢሆንም ቴሌግራምህ ከመምጣቱ በፊት እማማ ጥጥ ሲያባዝቱ አብሬ ተቀምጬ አነሣሁባቸው። ፊታቸውን አዞሩ። የሚያፍሩበት ነገር ነው ለካ። በጣሊያን ጊዜ ቤታቸውን ጥለው መናገሻ ጫካ ገብተው ሳሉ ነው የወለዱት፤ ዝግባ ሥር፣ በብርቱ ንፋስ፣ ዝናብ እላያቸው ላይ እየወረደ። እሳት ማንደድ አይቻልም ነበር፤ ጢሱ ይታያል። «ከልጆቼ ሁሉ ያልተጠለለልኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

ሌሎቹስ አልኳቸው።

ሌሎቹ ከሱ በፊትም ከሱም በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ተወለዱ። አንዳቸውም አላደጉም። ደህና ሆነው ይወለዱና ጡት ይተዋሉ፤ ይስላሉ፤ ከንፈራቸው ይጠቁራል። አባባ ጥግ ላይ ሆነው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እማማ እሳቱን ያነዳሉ። «እንዳይበርዳቸው እኔው ነበርኩ የማነደው» አሉኝ። ክርስትና ሳይደርሱ የሄዱ አሉ፤ ስም የላቸውም፤ በጸሎት እንኳን ጠርተው አያነሧቸውም። አንዱ በሞተ ቁጥር የሰው ዓይን በስንጥቅ ገብቶ ነው ብለው ለሚቀጥለው የበለጠ ይደፍኑ ነበር። በጭቃ፣ በጨርቅ፣ በእበት። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ጥጡን ማባዘት አላቋረጡም።

የጥያቄ ወረቀትህን በዚያው ዕለት አቃጠልኩት። ሲነድ እያየሁ ለምን እንደጠየቅከኝ ገባኝ፤ ስለዚህ ብትደብቀኝም አይጠቅምህም።

ተድላ፣ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው? ልጄን ላድን ብል ልጆችዎን የገደለው ያሞቁበት እሳት ነው ማለቴ ነው። ካልነገርኳቸው ደግሞ ምንጣፉን አንጥፈው፣ እንጨቱን ከምረው ይጠብቁኛል። ሌላ ክፍል ልውለድ አልኳቸው፤ «ቤት የሌለሽ አስመሰልሽው» ብለው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። ሴትዮዋ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ሮማነወርቅ


ጎሬ፣ ጳጉሜን ፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለሮማነወርቅ

ሰላምታውን ዝለይው።

የቀደመው ደብዳቤዬ የት እንደቀረ አላውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም እንደገና እጽፋለሁ። ባዜቃ ሲሞቅ ወደ አየር ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በሩ ስለተዘጋ የሚሄድበት የለም፤ ጣሪያውና ወለሉ ላይ ያርፋል፤ እሳት በነደደ ቁጥር ደግሞ ተነሥቶ ይወጣል። በሚተነፍሰው ሰው ሳንባ ይገባል። የትልቅ ሰው እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ጥርስ ያወልቃል፣ ከሰው ያሸሻል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። ትንሽ ሳንባ ግን አይችለውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልቆመም፤ የሰው ዓይንም አልገባም። አባባ ገብረየስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለበጡበት ባዜቃ ሳይጎድል እዚያው ነው ያለው።

ከተወለደው ሁሉ የተረፈው ንፋስ ያገኘው ነው። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ቡራዩ አክስታችን ዘንድ ሂጂ። መሄድ ካልቻልሽ ሜዳ ላይ ውለጂ። ለእማማ ያለምወርቅ እውነቱን አትንገሪያቸው፤ ምንም አያተርፍላቸውም። ሕልም አየሁ በያቸው፤ አባባ ገብረየስ መጥተው ከዚህ ክፍል ውጪ ብለውኛል በያቸው። ሳይንስ አስተማሪ ወንድምሽ ሕልም ፈጥረሽ ተናገሪ ሲልሽ ትስቂ ይሆናል፤ እኔ ግን አላፍርም። አሥራት ዘውዱን ደጅ ይለብጠው፤ ንፋሱን ከኋላው አድርጎ ይቀመጥ።

እንዳልመጣ መንገዱ ተደርምሷል፤ አውሮፕላኑም ከተመለሰ ሰነበተ። በየቀኑ ሜዳው ድረስ እየሄድኩ አያለሁ። በጣም እፈራለሁ፣ እህቴ። ጻፊልኝ።

ተድላ


ሰበታ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተድላ

እንኳን ደስ ያለህ። ሴት ልጅ ናት። ደህና ናት፤ ስታለቅስ ጥጃ ታስደነግጣለች። መልኳ አንተን ይመስላል ይሉኛል፤ ስታድግ ይለወጣል ብዬ ተጽናንቻለሁ።

ሳልጽፍልህ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅር በለኝ። የጻፍክልኝ የደረሰኝ በደመራ ዋዜማ ነው። ያልከኝን ሕልም ለእማማ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና «ስትዋሺ አፍንጫሽ ያልበዋል» አሉኝ። «የመጣልሽን ደብዳቤ አንብቢልኝ፤ ሳትዘልዪ።»

አነበብኩላቸው። ሁሉንም አነበብኩ፤ አልዘለልኩም። እንዳነብ ያደረገኝ ድፍረት አይደለም፤ ሆዴ መቁረጥ ጀምሮ ነበር። ስጨርስ አላለቀሱም። እጃቸውን አዩ። ከዚያ «አይጠፋም ነው ያለው?» አሉኝ።

«አይጠፋም» አልኳቸው።

«ሰው ውስጥ ቢገባም?»

«ቢገባም።»

«ሰውየው አፈር ቢገባስ?»

«እዚያው ይኖራል እንጂ አይጠፋም።» አንተ ያስተማርከኝን ነው የመለስኩት። ሌላ ምን ልበል?

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ራሳቸው ገለቴ ቤት ሄዱ። የማይናቆሩበት ቀን የሌለ ጎረቤታሞች ናቸው። ደጇ ላይ ቆመው «ይህችን ልጅ ተቀበይልኝ» አሏት። ገለቴ ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ከብቶቹን ወደ ጓሮ አስወጣች፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የወጨጫ ንፋስ እላዬ ላይ እየገባ፣ «ሂን ሶዳቲን፣ ኢንተላ ኮ፤ አትፍሪ ልጄ» እያለችኝ ወለድኩ። በብርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ብርድ ወድጄ አላውቅም። አሥራትም ዘውዱን ጥሎሽ ይመስል ተሸክሞ አወጣውና ገለቴ ጓሮ ዛፍ ሥር ሠራው። ከልጅቷ ወዲህ እጁ ትንሽ ረግቷል። ትናንት ኦቦ ነገሳን ሲያስቀው ሰማሁ።

ይህ ሁሉ የምሥራች ነው። የቀረውን ልጻፈው።

እማማ ልጅቷን አላዩአትም። በተወለደች ዕለት እዚያ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። መጀመሪያ ኀዘናቸውን ሊያወጡ ነው ብለን ተውናቸው። አሁን ማደሪያቸው እዚያ ነው። ምግባቸውን ደጁ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ሳህኑን አጥበው ይመልሱልኛል። በስንጥቅ አየኋቸው፤ ስንጥቁን የደፈነው ጭቃ በአንድ ቦታ ተነሥቶ ነበር። ተንበርክከው በዶሮ ላባ ወለሉን ይጠርጋሉ። ከየስንጥቁ አንድ አንድ ፍሬ ያወጡና መዳፋቸው ላይ አድርገው ያዩታል፤ ከዚያ ስም ያወጡለታል። ድንቅቱ ይላሉ። ማሪቱ ይላሉ። ስም ሳያገኙ ለሄዱትም አሁን ስም አላቸው። አንድ ነጭ ሲኒ ውስጥ ሲጨምሯቸው አንዱ ከሌላው ይገጥማል፤ ይዋሃዳል፤ እማማ ያኔ ፈገግ ይላሉ። ከጎኑ እሳት ይነዳል።

በሩ ላይ ሆኜ ለመንኳቸው። እሳቱን ያጥፉት፣ የሚገድለው እሱ ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። «ወንድምሽ እኮ እዚሁ ናቸው ብሏል» አሉኝ። «ይህን ያህል ዓመት በብርድ ትቻቸው ነበር። አሁን ሞቋቸዋል።»

አሥራት ባለፈው እሑድ ግድግዳውን ሊያፈርስ መጥረቢያ አነሣ። የመጀመሪያው ምት ሳያርፍ ከውስጥ ድምፃቸው መጣ፤ የቁጣ አይደለም፤ ለምሳ እንደሚጠሩት ዓይነት ነው። «አሥራት፣ ንፋስ ታስገባባቸዋለህ» አሉት። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ እዚያው ተቀመጠ። ልጃቸው ነው፤ እጁ እንዴት ይነሣ? ቄስ መጡ፤ ዳዊት ደግመው ሄዱ። ትናንት ሳህኑን ሲመልሱልኝ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ተድላ፣ ልጄን አድነህልኛል፤ እስክሞት አልረሳውም። ነገር ግን የማይጠፋውን ብቻ ነው ያስተማርከን። የሚጠፋ ነገርም አለ፤ የሞተ ልጅ ባዜቃ ውስጥ አይኖርም፤ እኔ የማውቀውን ያህል አንተም ታውቃለህ። እስቲ እሱን ጻፍልኝና ላንብብላቸው፤ ካንተ የመጣ ከሆነ ያምናሉ። ዝናቡ አባርቷል፤ አውሮፕላኑ አሁን ያርፋል፤ ከቻልክ ራስህ ና።

አሥራት ሰላም ይልሃል። ገለቴም አካም ጅርታ ብላሃለች። ለእማማ ልጽፍልህ እንደሆነ በበሩ ላይ ሆኜ ነግሬአቸው ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው በይልኝ አሉ። ልጆቹም ሁሉ ሰላም ብለውታል ብለሽ ጻፊልኝ አሉ። ጽፌአለሁ።

እህትህ ሮማነወርቅ